የጠፈር መርከቧ ስልከኛ

አስካለ መሞቷን የሰማሁት በስልክ ነው። በሌላ በምን ልሰማ ኖሯል! የእህቷ ልጅ ደውላ «እትዬ ሮማን፣ አክስቴ ዐረፈች» አለችኝ። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። በመጀመሪያ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ? «ይህች ሴትዮ አሁን ድንኳኑን ጢም አድርጋ ትሞላዋለች» ነው ያልኩት። ሞላችውም። ወንበር ጠፍቶ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

አስካለ እንዲህ ናት፤ ሞታም ታስቀናለች። አሁን ሙት ወቃሽ አትሁኚ ትሉኛላችሁ። እኔ መቼ ወቀስኳት? ቀናሁባት ነው የምለው። ቅናትና ወቀሳ ይለያያል።

ጌጃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። ያኔ ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤቱ ሁሉ የቀበሌ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ የውሃ ቧንቧችን አንድ። ከዚያ ሁሉ ቤት ቴሌቪዥን የነበረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ባለቤቴ በላይ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ውጭ ልኮት ሲመለስ ይዞት የመጣ ነው። እግር ያለው፣ የእንጨት ሣጥን የመሰለ፣ ጥቁርና ነጭ። ዳንቴሉን የሠራሁለት እኔ ነኝ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ። ሥዕሉ ሲንቀጠቀጥ አንቴናውን ይዤ ክንዴ እስኪዝል የምቆመው እኔ ነኝ። እሑድ አመሻሽ ላይ ግን ግቢው በሙሉ ዱካውን ተሸክሞ ሳሎኔ ሲገባ፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አስካለ መጥታለች?»

እስቲ አሁን ይኼ አያናድድም?

አስካለ አንድ ሆቴል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ውላ፣ ስትመጣ ጆሮዋ በማዳመጫው ቀልቶ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጥርሰ ፍንጭት። መልኳን ለብቻው ካያችሁት ይህን ያህል አልነበረም፤ ይህንን በቅናት አይደለም የምለው፣ ፎቶዋ አለኝ። ድምፅዋን ግን ምን ልበላችሁ! ገና «ሄሎ» ስትል የተጣላ ሰው ይታረቃል። ቧንቧው ጋ ሴቶች ተራ ቢጋፉ አስካለ እጇን ዘርግታ «ይጠብቁ፤ መስመሩ ተይዟል» ትላለች፤ ይስቃሉ፤ ይሰለፋሉ። እኔ ተመሳሳዩን ቃል ብል «አንቺ ማን ስለሆንሽ ነው?» እባላለሁ። ሞክሬዋለሁ፣ ለዚያ ነው የምነግራችሁ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን አንድ የፈረንጅ ተከታታይ ፊልም መታየት ጀመረ። ሰማይ ለሰማይ የምትሄድ መርከብ ናት። አንድ ሸበቶ ካፒቴን አለ፤ መንታ ወንድማማቾች አሉ፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ሐኪም አለች፤ በየሳምንቱ አንድ የማያውቁት ዓለም ላይ ያርፉና መከራቸውን ያያሉ። ግቢያችን «መርከቧ» ነበር የሚላት። እሑድ ሲመጣ ጋሽ ከድር፣ ፍራሽ ሰፊው፣ ጥጡን ከልብሳቸው ሳያራግፉ ነው የሚገቡት።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፍ ትርጉም የለው፣ ምን የለው። እንግሊዝኛ ደግሞ በዚያ ግቢ በደንብ የማውቀው እኔ ነኝ! የፈረንጅ መነኮሳት ትምህርት ቤት ተምሬ፣ መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የምመታ ታይፒስት ነኝ። የአስካለ እንግሊዝኛ «ትንሽ ይጠብቁ፣ ክፍል ቁጥርዎ ስንት ነው፣ አይመልሱም» ላይ የሚያልቅ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አስተርጓሚነቱን በደንብ አድርጌ ጀመርኩ። «ካፒቴኑ የሞተሩ ግፊት መቀነሱን ለመሐንዲሱ እየገለጸ ነው» አልኩ። ዝም። «መሐንዲሱም አደጋው ከፍተኛ መሆኑን አሳሰበ» አልኩ። ዝም። ጋሽ ከድር አዛጉ።

ከወደ በሩ አስካለ እጇን እንደ ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችና «ሄሎ? አንተ ሰውዬ፣ ይህች መርከብ ትናንት ነው እኮ የተሠራችው! እንግዲያው እኔ እዚህ ሰማይ ላይ ጋራዥ ከየት ላምጣ?» አለች በካፒቴኑ ድምፅ። መሐንዲሱን ደግሞ የጌጃ ሰፈር መካኒክ አደረገችው፤ «ጋሼ፣ መለዋወጫ ከውጭ ካልመጣ እኔ ምን ላድርግ?» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ ማን ሳቀ? በላይ። የገዛ ባሌ። እንባው እስኪመጣ። እኔ ጋ በሳምንት አንዴ ፈገግ ካለ ትልቅ ነገር የሆነ ሰው!

«አስካለ፣ እንደሱ አላለም እኮ!» አልኩ።

«እሱማ አላለም» አለች ምንም ሳይመስላት፤ «ግን ፊቱን አላየሽውም? ሊል ፈልጎ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አበቃ። ቴሌቪዥኑ የኔ፣ ሰዉ የእሷ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ እዚያው ሳሎኔ ውስጥ ነው አጥሬ የተነቀነቀው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር የመጣበትን እሑድ ሁሉም ሰው እንደ ተአምር ያወራዋል፤ በኔ በኩል ያለውን ግን የሰማ የለም። በዚያን ጊዜ ሰው ከተሰበሰበ ይጠየቃል። «እዚህ ግቢ በየሳምንቱ ምን ስብሰባ ነው የሚካሄደው?» የሚል ነገር ጆሮው ገብቶ መጣ። ሽጉጡ ከኮቱ ሥር እያበጠ የባሌ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት። «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ ጓዶች» አለ። ሕፃናቱ እንኳ አፍንጫቸውን መሳብ ተዉ።

የዚያ ቀን ክፍል ደግሞ፣ አይጣል ነው፣ የመርከቧ ሠራተኞች በካፒቴኑ ላይ የተነሡበት ነው። ከበቡት። መንታዎቹ ኮሌታውን ያዙት። ሐኪሟ ጣቷን ቀስራበት ትጮኻለች።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለ ሊቀመንበሩ።

አስካለ ዝም አለች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ስትል አየኋት! አልገባትም አልኩ በልቤ። እኔ ግን እያንዳንዱ ቃል ገብቶኛል፣ ጥርት ብሎ። ያን ሁሉ እሑድ የጠበቅኩት ቀን መጣልኝ ብዬ «ጓድ፣ እኔ ልንገርዎት፤ ዋሽተኸናል፣ ወደ ሞት ነው የመራኸን፣ ከ…»

«ይጠብቁ!» አለች አስካለ፣ መዳፏን ዘርግታ። «መስመር ተደባልቆባት ነው። ጓድ፣ እኔ ልንገርዎት። ደክሞሃል አባታችን፣ ስንት ቀን መሪውን ይዘህ ቆመሃል፣ ትንሽ ጋደም በል ነው የሚሉት።»

ሊቀመንበሩ ቴሌቪዥኑን አየ። ካፒቴኑ እየተንፈራገጠ በእግሩ ይጎተታል።

«ታዲያ ለምን ይጎትቱታል?»

«አልተኛም ብሎ ነዋ! መሪ መቼ ዕረፍ ሲሉት ይሰማል?»

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ሻዩን ፉት አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እውነቷን ነው» አለ፤ «እኛስ መቼ እንቅልፍ አለን?» ሻዩን ጠጥቶ፣ «አስተማሪ ፊልም ነው፣ ቀጥሉበት» ብሎን ወጣ።

በሩ እንደተዘጋ ባሌ በላይ አስካለ እግር ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሴቶቹ ሳሟት። ጋሽ ከድር «ይችን ልጅ ለዛሬ ነው የፈጠረልን» አሉ። በላይ ማታ ወደ እኔ ዞሮ «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የተባለው ላንቺ ነው» አለኝ። ይሁን። ግን ልክ ማን ነበር? እኔ! እስከ ዛሬ ድረስ ልክ እኔ ነኝ። ደግሞ አንድ ነገር ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ አስካለ የሰዎቹ ንግግር ገብቷት ነው የደበቀችው ወይስ እንደ ልማዷ ከራሷ ፈጥራ ነው? ስንት ዓመት ጠየቅኳት። «መስመሩ ጥሩ አልነበረም» ብላኝ ትስቃለች።

ከዚያ በኋላ ባለው ግንቦት ነው የመርከቧ መነሻ ታሪክ የመጣው።

ግንቦት ልደታ ለኛ ሰፈር ትልቅ ቀን ነው። ጎረቤት ሁሉ ያለውን እህል አዋጥቶ ደጅ ላይ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ክርስቲያን እስላም ሳይባል እዚያው ተቀምጦ ይበላል። የዚያን ዓመት እሑድ ላይ ዋለ። መርከቧን አይተን እንወጣለን ስንል መብራት ድርግም አለ። ሕፃናቱ አለቀሱ። ንፍሮው ዙሪያ ተኮልኩለን ጋሽ ከድር ጠየቁ፤ «እኔ ምለው፣ እነዚህ ሰዎች ግን ከመነሻው ምን ሊያደርጉ ወጡ? እኛ መቼስ መሀል ላይ ነው የደረስነው።»

ትክክል ናቸው። ፊልሙን ከመሀሉ ነበር ማሳየት የጀመሩት። ይህንንም በሥርዓቱ አስረዳሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ስላልታየ ማንም ሊያውቀው አይችልም አልኩ። ሁሉም ሰሙኝና ወደ አስካለ ዞሩ።

እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አልሳቀችም። እንዲህ አለች፦

«መርከቧ ልትነሣ ነው። አገሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጥቷል። ሞተሩ ታይቷል፣ ስንቁ ተጭኗል። ካፒቴኑ መሰላሉ ላይ አንድ እግሩን አድርጎ ዞር አለና፣ ቆይ፣ እዚያ ሆነን ስንደውል የሚያነሣልን ማን ነው አለ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። መሄድማ ሁሉም ይፈልጋል። መቅረት ግን ማን ይወዳል? ያኔ አንዲት ስልከኛ ነበረች፣ ከኋላ የቆመች። ሂዱ፣ እኔ መስመሩ ላይ ነኝ አለች። ወንበር ሰጧት፣ ስልክ ሰጧት። እነሱ ሄዱ። እሷ ፊልሙ ላይ የማትታየው እዚህ ምድር ላይ ስለሆነች ነው።»

ከዚያ እማማ ትሁን ተናገሩ። እማማ ትሁን የግቢያችን ትልቅ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው አንድ ጠዋት ትምህርት አለኝ ብሎ እንደወጣ ቀረ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር ቃል አይወጣቸውም ነበር። እኔ ያላደረግሁት የለም። ሾርባ ሠርቼ ወስጃለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬያለሁ፣ ዳዊት አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ቃል አላገኘሁም።

«ባይደውሉስ?» አሉ።

«ባይደውሉም እማማ፣ ስልኩን አትዘጋም» አለች አስካለ።

«እንቅልፍ ይዟት እንደሆነስ?»

«እዚያው ወንበሩ ላይ ነው የምትተኛው። እጇ ከስልኩ ላይ አይነሣም።»

እማማ ትሁን ንፍሮ በእፍኛቸው ዘገኑና ቆርቆሮው ላይ በተኑት። «ለልጆቹ» አሉ። ጣሪያው ተንጣጣ። ሕፃናቱ ተከተሉ፣ እኛም ተከተልን፤ በረዶ የወረደ ነው የሚመስለው። ያኔ እማማ ትሁን ጥርሳቸው ታየ። ፈገግ አሉ!

እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ አልኩ በሆዴ። እንዲህ ያለ ነገር ፊልሙ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም አልኩ። ግን አፍ አውጥቼ አልተናገርኩም። እማማ ትሁንን ያሳቀቻቸው እሷ፣ እኔ ሾርባዬን ይዤ ቀረሁ። ያ ነው እስከ ዛሬ ሆዴን የሚበላኝ እንጂ የባሌ ሳቅስ ያልፋል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ልደታ የመርከቧ መነሻ ቀን ሆኖ ቀረ። ፊልሙ ከኛ ቴሌቪዥን ጠፋ፣ ቴሌቪዥኔም ተቃጠለ፣ መንግሥት ተለወጠ፤ እኛ ግን ንፍሮ እንቀቅላለን፣ አስካለ መነሻውን ትነግረናለች፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ እንበትናለን። እማማ ትሁን በየዓመቱ «ባይደውሉስ?» ይላሉ፤ አስካለም ትመልሳለች። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሴት ልጃቸው ዘነበች መጠየቁን ወረሰች። ሰፈሩ ሲፈርስ እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ አስካለ ጀሞ። ቆርቆሮውም ቀረ፣ ንፍሮውም ቀረ።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ሊዲያ «አያቴ፣ ያቺ የምታወሪያት መርከብ አሁንም አለች እኮ» አለችኝ። እንዴት ትኖራለች? ካፒቴን እየቀያየሩ፣ ወጣት እየተኩ፣ ያው ፊልም ይቀጥላል ለካ። የተጀመረችበትን ቀን ፈረንጆቹ የመርከበኞቹን ዓይነት ልብስ እየለበሱ ኬክ እየቆረሱ ያከብራሉ አለችኝ። «የመጀመሪያውን ክፍል ላሳይሽ?»

መነጽሬን አጥልቄ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

ሸበቶው ካፒቴን ጎረምሳ ነው። ከዋክብቱ የወረቀት እንደሆኑ ያስታውቃሉ። መርከቧ ገና ከመጀመሪያው ሰማይ ላይ ናት፤ ሁለቱ መንታዎች በምግብ ይጨቃጨቃሉ። የሸኛቸው የለም። መሰላል የለም። ወንበር የለም። ስልክ የሚባል ነገር የለም! እስከ መጨረሻው አየሁትና እጄን አጨበጨብኩ። «ያዝኳት!» አልኩ። ሊዲያ ደነገጠች።

በማግሥቱ በሁለት ታክሲ ጀሞ ሄድኩ። አስካለ ተኝታለች፤ እግሯ አልሄድ ብሏት፣ ድምፅዋ ብቻ እንደ ድሮው ነው። ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ዘረገፍኩላት። ስጨርስ ምን የምትል ይመስላችኋል?

«እና ስልኩን ማን ያነሣላቸዋል?»

«ማንም! ስልክ የለም እኮ ነው የምልሽ!»

«ሰው ሳይተዉ ነው የወጡት?»

«አዎ!»

«ውይ ልጆቼን!» አለች ከልቧ አዝና። ትንሽ አሰበች። «ታዲያ እነሱ ናቸዋ የተሳሳቱት።»

በሞቴ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምን ይባላል? ተናድጄ ስነሣ እጄን ያዘችኝ። «ሮሚ» አለች፤ «እኔ ስሄድ አንቺ ያዥልኝ እንግዲህ።» ምኑን ብላት «መስመሩን» አለች። ቀልድሽን ተይ ብያት ወጣሁ።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመልሳችሁ። ሠልስቷ ዕለት ንፍሮ ዞረ። ጋሽ ከድር ዓይናቸው ደክሟል፣ በልጃቸው ተደግፈው ነው የመጡት። ንፍሮው እጃቸው ላይ ሲደርስ አልበሉም። ጨብጠው ያዙት። ያየናቸው የጌጃ ሰፈር ሰዎች ሁላችንም ጨበጥን።

«ሮማን» አሉ፤ «መነሻውን እስቲ ንገሪን። ካንቺ ሌላ ማን ቀረ?»

ድንኳኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አያችሁ? ዕድሜ ልኬን የፈለግሁት እሱን ነበር፤ ሰው ዞሮ እንዲሰማኝ። እውነተኛው መነሻ ደግሞ በእጄ አለ፣ በዓይኔ ያየሁት። ነጠላዬን አስተካክዬ ጀመርኩ። «መርከቧ ሰማይ ላይ ነበረች» አልኩ።

ዘነበችን አየኋት። የእናቷን ጥያቄ አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች።

«ማለቴ፣ ልትነሣ ነበር» አልኩ። «አገሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጥቷል።» እጄ ራሱ ተነሥቶ ጆሮዬ ላይ ሄደ። ካፒቴኑን መሰላሉ ላይ አቆምኩት፣ ስልከኛዋን ከኋላ አመጣኋት፣ ወንበሩን ሰጠኋት። «ሂዱ፣ እኔ መስመሩ ላይ ነኝ» ስል ዘነበች «ባይደውሉስ?» አለች፤ መለስኩላት። አንድ ቃል አላጎደልኩም። ንፍሮውን ወደ ላይ በተንነው፤ ድንኳን ቆርቆሮ አይደለም፣ ድምፅ አልሰጠም።

ጋሽ ከድር ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ጎሽ ሮማን፣ ደህና አድርገሽ ነገርሽን» አሉ። ደረቴ ሞላ። ትንሽ ቆይተው «የአስካለን ያህል ግን አይሆንም» አሉ።

«አይሆንም» አለ ድንኳኑ በሙሉ።

«አይሆንም ጋሼ» አልኩ እኔም። ምን ልበል?

«ለግንቦት ትንሽ ተለማመጂ» አሉኝ።

እኔን! መነኮሳቱ ያስተማሩኝን! ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ሊዲያ እንዳትሰማኝ ወጥ ቤቱን እየዘጋሁ፣ መዳፌን ጆሮዬ ላይ አድርጌ «ሄሎ… ይጠብቁ… መስመሩ ላይ ነኝ» እላለሁ። እስካሁን እንደ እሷ አልወጣልኝም።